ማሊንዲን ከአባዬ ጋር

ባለፈው ጥር ልጄ የመንፈቅ ዓመት ፈተናዋን ስትጨርስ እኔም የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩና አራት ሆነን ወደ ኬንያ የባሕር ዳርቻ ሄድን። ባለቤቴ፣ የሰባት ዓመቷ ልጃችን፣ እኔና አባዬ።

"ሽማግሌ ይዞ ቢች ይኬዳል እንዴ?" ያሉኝ ጓደኞች አሉ። አባዬ በወጣትነቱ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል የሞተር ቴክኒሺያን ነበር። ከ1982 ዓ.ም. ወዲህ ግን ባሕር አላየም፤ ስለዚያ ዘመንም እቤታችን ብዙ አይወራም። ጉዞውን ስነግረው "እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቤት ልጠብቅ" አለ። የማታ ማታ ያሳመነችው የልጅ ልጁ ናት።

የመረጥናት ከተማ ማሊንዲ ነች። ከአዲስ አበባ ሞምባሳ በአውሮፕላን፣ ከዚያ ወደ ሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን ያዙ። ሁለተኛ አካባቢው ወባማ ስለሆነ በተለይ ለልጆች ስለ መከላከያው ሐኪም አማክሩ። ጊዜውን በተመለከተ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ይመረጣል። ዝናብ በሚበዛበት ወቅት ከከተማዋ በስተሰሜን ወደ ባሕር የሚገባው የሳባኪ ወንዝ ጭቃ ይዞ ስለሚመጣ ውኃው ይደፈርሳል።

አንድ የሚያስደስት ነገር ልንገራችሁ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ነው! ጠዋት አንድ ሰዓት ለእነሱም አንድ ሰዓት ነው። የባጃጅ ሹፌሩ በስዋሂሊ "ሳ ምቢሊ" ካላችሁ ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው። ሆቴሉ በእንግሊዝኛ የሚነግራችሁ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ቀጠሮ ስትይዙ አረጋግጡ።

የደረስን ማታ ባሕሩ እስከ ሆቴሉ አጥር ድረስ ሞልቶ ነበር። አባዬ ጫማውን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠና ብዙም ሳይናገር አመሸ። ጠዋት ልጄ የዋና ልብሷን ለብሳ ስትሮጥ ውኃው የለም። "ባሕሩ የት ሄደ?" ብላ ለቅሶ ጀመረች። አባዬ ሳቀ። ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን ሰበሰበና እጇን ይዞ እርጥቡ አሸዋ ላይ ወጣ።

ያን ቀን ያስተማራት ለእናንተም ይጠቅማል። ባሕሩ ስድስት ሰዓት ያህል ይሞላል፣ ስድስት ሰዓት ያህል ይጎድላል፤ የሚሞላበት ሰዓት ደግሞ በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል። የምትጎትተው ጨረቃ ነች። ምጽዋ ላይ ልዩነቱ አንድ ሜትር ቢሆን ነው፤ እዚህ ግን ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ስትወለድ ከሦስት ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ፕሮግራማችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት ሆቴሉን ጠይቁ። ሲሞላ ዋኙ። ሲጎድል ወይ በእግር ሂዱ፣ ወይ ታሪክ እዩ። ድንጋያማው ቦታ ላይ እንደ ጃርት እሾሃም የሆነ የባሕር እንስሳ ስላለ የላስቲክ ጫማ አድርጉ።

ውኃው ጎደል ሲል የሚመረጠው የማሊንዲ የባሕር ብሔራዊ ፓርክ ነው። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ወለሉ መስታወት የሆነ ጀልባ ላይ ተቀምጣችሁ ኮራሉንና በቀለም የተዥጎረጎሩትን ዓሦች ከእግራችሁ ሥር ታያላችሁ። መዋኘት ለማይችል ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። የጀልባውን ዋጋ ከመሳፈራችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ የፓርኩ መግቢያ ለብቻው ይከፈላል።

በከተማዋ ውስጥ ባሕሩን ቁልቁል ከሚያየው ቋጥኝ ላይ የቫስኮ ዳ ጋማ ሐውልት አለ፤ አናቱ ላይ የድንጋይ መስቀል ያለበት ነጭ ዓምድ ነው። ፖርቱጋላዊው መርከበኛ እ.ኤ.አ. በ1498 ሞምባሳ ላይ ሳይቀናው ቀርቶ ወደ ማሊንዲ መጣ። የማሊንዲ ንጉሥ ከሞምባሳ ጋር ባላንጣ ነበርና በደስታ ተቀበለው፤ መንገድ የሚመራውንም ሰው ሰጠው። በዚያ መሪ ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ሕንድ ደረሰ። የዚሁ ሰው ልጅ ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ ነው እ.ኤ.አ. በ1541 ጠመንጃ የያዙ 400 ወታደሮች አስከትሎ አገራችን የገባውና ለአፄ ገላውዴዎስ ሲዋጋ በዓመቱ የሞተው። ይህን ስናገር አባዬ ቀበል አድርጎ "በምጽዋ ነው የገባው። እኔ በነበርኩበት ወደብ" አለ። በሠላሳ ምናምን ዓመት ዕድሜዬ ከራሱ አንደበት ስለ ምጽዋ ሳልጠይቀው ሲናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ለልጆች አንድ ታሪክ ጨምሩላቸው፤ ከማሊንዲ የተላኩ መልእክተኞች እ.ኤ.አ. በ1415 ለቻይና ንጉሠ ነገሥት ቀጭኔ በስጦታ ወስደዋል። የእኔዋ ልጅ ቀጭኔዋ መርከብ ላይ እንዴት እንደቆመች እስከ ዛሬ ትጠይቃለች።

ግማሽ ቀን ለጌዲ ስጡ። ከማሊንዲ ወደ ደቡብ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በደን የተዋጠ የስዋሂሊ ከተማ ፍርስራሽ ሲሆን ቤተ መንግሥት፣ ትልቅ መስጊድና እ.ኤ.አ. በ1399 የተሠራ መቃብር አለው። ቤቶቹ የተሰየሙት በቁፋሮ በተገኘባቸው ዕቃ ነው፤ የመቀሱ ቤት፣ የዛጎሉ ቤት፣ የዝሆን ጥርስ ሳጥኑ ቤት። ልጆች ይህን ይወዱታል። እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዝንጀሮዎቹ ግን ብስኩት ከእጅ ይነጥቃሉና ምግብ አታውጡ። አጠገቡ የአካባቢው ገበሬዎች የሚጠቀሙበት የቢራቢሮ ማርቢያ ስላለ አብራችሁ እዩት።

ምግብን በተመለከተ የጾም ቀን ከሆነ አትጨነቁ። ማሐምሪ የሚባል ቦምቦሊኖ መሳይ ነገር አለ፤ በኮኮናት ወተት ከተሠራ የእርግብ አተር ወጥ ጋር ለቁርስ ይቀርባል። ማሐምሪው የላም ወተት ወይም እንቁላል ካለበት ብቻ ጠይቁ። አሮጌው ሰፈር የሙስሊሞች ነው፤ እዚያ ስትሄዱ የዋና ልብሳችሁ ላይ ደረብ አድርጉ።

በመጨረሻው ማታ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ሲጎትቱ አባዬ ሄዶ አገዛቸው። ተመልሶ ሲቀመጥ ልጄ "አያዬ፣ ድሮ መርከብ ላይ ጓደኞች ነበሩህ?" አለችው። አምስት ስም ጠራላት፣ አንድ በአንድ፣ የቀለዱትን ቀልድ ሳይቀር እየጨመረ። ከአምስቱ ወደ ቤቱ የተመለሰው አንድ ብቻ ነው። ከእነዚህ ስሞች አንዱንም ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሲጨርስ ተነሳና እስከ ጉልበቱ ውኃው ውስጥ ገብቶ ቆመ፤ እኛም አልጠራነውም።

እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ የመዝናኛ ቦታን በፎቶ መሸጥ እችልበታለሁ። በማስታወቂያዎቹ ላይ ግን ጫማውን አውልቆ ውኃ ውስጥ የቆመ የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ቀጣዩን ጉዞ ስታቅዱ ልጆቹን ብቻ ሳይሆን ወላጆቻችሁንም "የት ማየት ትፈልጋላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። "ቤት ልጠብቅ" ቢሉም አንድ ጊዜ ደግማችሁ ጠይቁ።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።