በሬ ሸጦ ጠመንጃ?

በጉና ተራራ ግርጌ ገብስ ሲያሸት ጭላዳ ዝንጀሮ ከገደል እየወጣ ማሳውን ይወርራል። ገበሬው ወገናችንም መድኃኒቱ ጠመንጃ ነው ብሎ በሬውን ይሸጣል። ለዝንጀሮ ክላሽ ምን ያደርጋል? ጥይቱ ማሳውን አልፎ የጎረቤት ደጅ ይደርሳል። ቀላልና ርካሽ ጠመንጃ ይሻላል የሚሉ ጓደኞች አሉን፤ በደቃቅ ጥይት ግን ድኩላ እንኳ ቆስሎ ሊያመልጥ ይችላል። ጭላዳም ከኢትዮጵያ በቀር በዱር የትም አይገኝም፤ ያለ ፈቃድ ማደንን የዱር እንስሳት አዋጅ፥ ያለ ፈቃድ ጠመንጃ መያዝን አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይከለክላሉ። ዝንጀሮን የሚያባርረው ጩኸቱ ነው፤ እርሱንም በቡሄ የምናጮኸው ጅራፍ ይሰጣል። ስለዚህ ጎረቤታሞች ማሳውን በተራ ይጠብቁ፤ በሬው ይረስ፤ ማማ ላይ የሚውለው ልጅም ትምህርት ቤቱ ይግባ እንላለን።