«ጃጅተዋል» ብሎ ማለፍ አይበቃም

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከአራት ኪሎ እስከ መገናኛ ያለውን ጎዳና ቀይሮታል። ለብዙዎቻችን መንገዱ ሰፋ፣ አማረ። ዲሜንሺያ የሚባለው የመርሳት ሕመም ላለባቸው አረጋውያን ግን የፈረሰው ሱቅና አጥር ምልክታቸው ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ሾላ ገበያ የሸመቱ እናት ዛሬ የቤታቸው መታጠፊያ ቢጠፋቸው አይግረምዎት። ሕመሙን ያመጣው መንገዱ አይደለም፤ ተደብቆ የቆየውን ግን ሊያጋልጠው ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2021 እ.ኤ.አ. 57 ሚሊዮን ሰዎች ዲሜንሺያ ነበረባቸው፤ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። እኛ ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ «ጃጅተዋል» ተብሎ ይታለፋል።

በምርመራ ክፍል እኛ ሐኪሞችም እንሳሳታለን፤ ታማሚዋ ተቀምጠው ልጃቸውን እንጠይቃለን። ያኔ «እሳቸውን ይጠይቋቸው» ይበሉን። እርስዎም ፊት ለፊታቸው ተቀምጠው፣ እንደ ወትሮው «እማዬ» ብለው፣ አንድ ነገር ብቻ በአጭሩ ይጠይቁ፤ መልሱን በትዕግሥት ይጠብቁ። «ረሱት እንዴ?» ብለው አይሞግቷቸው። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዘው ይምጡ።

ግራ መጋባቱ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ድንገት ከመጣ ግን ምክንያቱ ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ፈሳሽ ማነስ ወይም መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይውሰዷቸው።

ስልክ ቁጥርዎ የተጻፈበት ወረቀት ከኪሳቸው አይጥፋ፤ የሰፈሩ ባለሱቅም ይወቅ። ገበያውን አይከልክሏቸው፤ አብረዋቸው ይሂዱ።