መስመሩን የዘጋው ማን ነው? ከዋናው ቤት እስከ ሰርቪስ ቤት

በዚህች አገር ኢንተርኔት ተዘጋ በተባለ ቁጥር ፊደል የቆጠረው ሁሉ ድምፁን ያሰማል፤ ማሰማቱም ተገቢ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ የአጭር የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት ለሁለት ዓመት ያህል ተቋርጦ ሲቆይ፣ በግንቦት 1998 ዓ.ም. የጦማር ገጾች ከአገር ውስጥ እንዳይነበቡ ሲታገዱ፣ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ ማግስት አገሪቱ ለሳምንታት ከዓለም ስትለያይ፣ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የትግራይ ሕዝብ በጦርነት መካከል ወሬ የሚልክበትና የሚቀበልበት መስመር ሲቆረጥበት፣ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲጠፋ የተናገርነው አንድ ነገር ነበር፦ ቁልፉን በእጁ ስለያዘ ብቻ የሌላውን ዓይንና ጆሮ የመዝጋት መብት ያለው ማንም የለም።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ ይኸው መርሕ የግቢያችንን በር አልፎ ሲገባ ምን እንደሚደርስበት እንመልከት። በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞቻችን አጥር ያለው መኖሪያ ግቢ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቤት አለው። ፊት ለፊት ዋናው ቤት ይቆማል፤ ከጓሮ ደግሞ ሰርቪስ የምንለው ይገኛል። በዋናው ቤት ሳሎን ውስጥ ራውተር ሌት ተቀን ያበራል። በሰርቪሱ የቤት ሠራተኛዋ፣ ዘበኛው፣ ከገጠር ለትምህርት የመጣው የዘመድ ልጅ ወይም አንዲት ክፍል የተከራየ ተማሪ ይኖራሉ። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ርቀት አሥር ወይም ሃያ እርምጃ ነው። ኢንተርኔቱ ግን አይሻገርም። ለምን አይሻገርም?

የመጀመሪያው መልስ «አይደርስም» የሚል ነው። እውነትም የብሎኬት ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን የዋይፋይን ሞገድ ክፉኛ ያዳክማሉ፤ በተለይ 5 ጊጋኸርትዝ የሚባለው ፈጣኑ ሞገድ ከ2.4 ጊጋኸርትዙ ይልቅ በግድግዳ ይሸነፋል። ነገር ግን «አይደርስም» ማለትና «አላደረስሁትም» ማለት ይለያያሉ። የተለመደው የኔትወርክ ገመድ በደንቡ እስከ 100 ሜትር ድረስ መልእክት ያደርሳል፤ የትኛው ጓሮ ነው ከዚህ የሚርቅ? ለውጭ አገልግሎት የተሠራውን ገመድ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስገብቶ፣ ከኤሌክትሪክ መስመር አርቆ በአጥሩ ሥር መቅበር ወይም በግድግዳው ላይ ማያያዝ፣ በሰርቪሱ በኩልም አንድ አነስተኛ አክሰስ ፖይንት መስቀል ለአንድ ባለሙያ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ገመድ መዘርጋት ለማይቻልበት ግቢ ሞገዱን መሐል ላይ ተቀብሎ የሚያሻግር ሪፒተር አለ፤ ፍጥነቱን ይቀንሳል እንጂ ከምንም ይሻላል። ሳሎን ለሳሎን ቴሌቪዥን ለመስቀል ግድግዳ የሚበሳ ሰው ለዚህ ሲሆን መሰርሰሪያው ይጠፋዋል?

ሁለተኛው መልስ «ወጪ ነው» የሚል ነው። የገመዱና የመሣሪያው ዋጋ የአንድ ጊዜ ነው። ወርኃዊው ክፍያ ግን አይጨምርም፤ ገደብ የሌለው የቤት ብሮድባንድ የሚከፈለው በወር ቁርጥ ሒሳብ ነውና። ቤተሰቡ ተኝቶ መስመሩ ሥራ ፈትቶ ባደረበት ሌሊት የሚቀነስ ሒሳብ የለም። በዚያው ሌሊት ሠራተኛዋ ከአነስተኛ ደመወዟ ቀንሳ፣ ቀኑ ሲያልፍ የሚቃጠል የሞባይል ጥቅል በሜጋባይት እየቆጠረች ትገዛለች። በአንድ ግቢ ውስጥ ባለጠጋው ሳይቆጥር፣ ድኻው እየቆጠረ የሚጠቀምበትን ይህን ሥርዓት መንግሥት አላወጀብንም። እኛው ነን ያቆምነው።

ሦስተኛውና እውነተኛው መልስ በይፋ የማይነገረው ነው፦ «ሥራ ትፈታለች፤ ዓይኗ ይከፈታል»። እዚህ ላይ ጨዋታው ይገለጣል። ሥልጣን ላይ ያለ ሰው መስመር ሲዘጋ የሚሰጠውን ምክንያት አስታውሱ፤ ሕዝቡ በአሉባልታ እንዳይወናበድ፣ ጸጥታ እንዳይደፈርስ፣ ተማሪው በፈተና እንዳይሰናከል ሲል ሰምተነዋል። የእኛስ ምክንያት በምን ይለያል? የሥራ ሰዓትን መወሰን የአሠሪ መብት ነው። ከሥራ ሰዓት ውጭ በክፍሏ የምታነበውንና የምትሰማውን መወሰን ግን የአሠሪ ሳይሆን የጌታ ፈሊጥ ነው። ደመወዟ በጎረቤት ስንት እንደሆነ እንዳታውቅ፣ ወደ ዓረብ አገር እሄዳለሁ ስትል ደላላው የነገራትን ከሌላ ምንጭ እንዳታመሳክር፣ የማታ ትምህርቷን እንዳታግዝ የሚደረግ ዝግታ ለማን ይጠቅማል?

በእርግጥ የቤት ባለቤት መንግሥት አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው መረጃ የመሻትና የመቀበል ነፃነት እንዳለው ሲደነግግ ባለቤቷን ገመድ እንዲዘረጋ አላስገደደም። እኔም ፍርድ ቤት እንሂድ አላልሁም። ነገር ግን ሕጉ ራሱ እነዚህን ሰዎች ከደጅ ማስቀረቱን ልብ በሉ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በግለሰብ ቤት የሚሰጥን የግል አገልግሎት ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጎታል። በአዋጅ የተዘለለች ሠራተኛ በገመድም ስትዘለል ሁለት ጊዜ ተገፋች ማለት ነው። መንግሥትም «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለውን ስልት በ2012 ዓ.ም. አጽድቆ፣ በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን በከፊል በበይነ መረብ መስጠት ሲጀምር፣ በሰርቪስ የሚያድረው ተማሪ ከዋናው ቤት ልጅ ጋር ለአንድ ፈተና ይቀመጣል። አንዱ በመስመሩ ላይ ሲለማመድ ያደረ፣ ሌላው መስመሩን በመስኮት ሲመለከት ያደረ።

«ደኅንነቱስ?» ለሚል ጥንቁቅ ሰው መልሱ አጭር ነው። በርካታ ራውተሮች ከቤተሰቡ ኮምፒውተርና ካሜራ የተለየ የእንግዳ መስመር መክፈት ይችላሉ፤ የይለፍ ቃሉም ለብቻው ይሆናል፤ ፍጥነቱንም መመጠን የሚፈቅዱ አሉ። «ሕጉስ?» ለሚል ደግሞ፦ አገልግሎትን ለሕዝብ መሸጥ ፈቃድ ይጠይቃል፤ በግቢህ ለሚኖር ሰው በነፃ ማካፈል ግን ንግድ አይደለም። ስለዚህ ውልህን አንብብ፤ ከተከራይም ለኢንተርኔት ብለህ ገንዘብ አትቀበል።

ለአንዲት ጥቁር ገመድ ይህን ያህል ማለት የሚበዛበት ይኖር ይሆናል። እኔ ግን የፖለቲካ ባሕላችን ከአራት ኪሎ በፊት በጓሮ እንደሚጀመር አምናለሁ። ሰርቪስ የሚለው ቃል ራሱ ቤቱን በነዋሪው ሳይሆን በአገልግሎቱ ይጠራዋል፤ እዚያ ሰው እንደሚያድር የረሳን እስኪመስል ድረስ። ከበታቹ ያለውን ሰው ማወቅ የሚገባውንና የማይገባውን እየመረጠ ያደገ ልጅ ነገ ሚኒስትር ሲሆን መስመር ለመዝጋት ምን ያስቸግረዋል? ልምምዱን በቤቱ ጨርሶታልና።

ስለዚህ ነገ መንግሥትን «ክፈት» ብላችሁ ለመጮኽ የምትዘጋጁ ሁሉ፣ ጩኸታችሁን አትተዉ። ከዚያ በፊት ግን ግቢያችሁን በሜትር ለኩ፤ ገመዱን ግዙ፤ የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፋችሁ የሰርቪሱን በር አንኳኩ።

ቸር ይግጠመን።