የመላጫ ብሩሹ ፀጉር የምን ነው?

ከረሜላ ስንገዛ ጀላቲኑ ከምን እንደተሠራ እንጠይቃለን፤ ማሻ አላህ። ፀጉር ቤት ተቀምጠን አንገታችን ላይ አረፋ የሚቀባው ብሩሽ ከምን እንደተሠራ ግን ስንቶቻችን ጠይቀናል?

ወንድሞች! ብሩሹ ላይ «ቦር» የሚል ከተጻፈ የአሳማ ፀጉር ነው። «ናቹራል» የሚለው ቃል አያታለን፤ አሳማም ተፈጥሮ ነው።

ጉዳዩ ኺላፍ እንዳለበት አንደብቅም። በማሊኪያ መዝሀብ የተሸለተ ፀጉር፣ የአሳማም ቢሆን፣ ንጹህ ነው። ከሐነፊያ ዑለማዎችም ጫማ ሰፊዎች ለስፌት እንዲጠቀሙበት በችግር ምክንያት የፈቀዱ አሉ። በአገራችን በብዛት በምንከተለው የሻፊዒያ መዝሀብ ግን ነጃሳ ነው። ብሩሽ ደግሞ የሚሠራው በእርጥቡ ነው፤ ነጃሳው ወደ ቆዳችን ይተላለፋል፣ ከዚያ ሶላት እንቆማለን።

የአሳማ ብሩሽ ወዳጆች «ሲለመድ ይለሰልሳል» ይላሉ። እውነት ነው። አዲሱ ይሻክራል፣ ይሸታል፤ ለሳምንታት እየተነከረ ሲሠራበት ጫፉ ተሰንጥቆ ይለሰልሳል። ሰው ሠራሹ ግን ይህን ሁሉ አይፈልግም፤ ከመጀመሪያው ቀን ለስላሳ ነው፣ ቶሎም ይደርቃል። ታዲያ የጫማ ሰፊዎቹ ችግር እኛ ዘንድ የት አለ?

ከተጠራጠርን አንድ ዘለላ ነቅለን እናቃጥል። ሰው ሠራሽ ከሆነ ቀልጦ ይድቦለቦላል፤ ፀጉር ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። የፈረስ ይሁን የአሳማ ግን በዚህ አይለይም።

ፀጉር አስተካካዩን መጠየቅ ካሳፈረን የራሳችንን ብሩሽ ይዘን እንሂድ። ስንት ሰው ፊት ላይ የዋለ ብሩሽ ለጤናም ቢሆን ደስ አይልም።