«ዘይት ቀይረን እንሞክረው»

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ቤት ደርሶት የገባ ሰው ቶሎ ከሚተዋወቃቸው ሰዎች አንዱ ባለ ፒክአፕ ነው። ሲሚንቶው፣ ሴራሚኩ፣ የብረት በሩ፣ የውሃ ታንከሩ፣ ኋላም አልጋና ሶፋው የሚመጣው በእሱ መኪና ነው። የእኔንም ዕቃ ያመጣልኝ እዚያው ብሎካችን ላይ የሚኖር ጎረቤቴ ነበር። መኪናው ደብል ጋቢና ፒክአፕ ነው፤ ካምቢዮው አውቶማቲክ። የሦስት ልጆቹ ቀለብና የትምህርት ቤት ክፍያ ከዚያች መኪና ይወጣ ነበር።

ባለፈው ክረምት በጎሮ በኩል ጭኖ ሲመለስ ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልሄድ አለው። ማርሹ ገብቷል፣ ግን አይዝም። በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጋራዥ ሄደ፤ በሦስቱም የሰማው ቃል አንድ ነበር፦ «ካምቢዮ ከማውረድ መጀመሪያ ዘይት ቀይረን እንሞክረው።» አንደኛው ለጭነት ማሽን የሚሆን የሃይድሮሊክ ዘይት ሞላበት። ሁለተኛው ከነበረው ላይ ቀንሶ ቁጥር 40 የሞተር ዘይት ቀላቀለበት። ሦስተኛው «የማሸጊያ ጎማዎቹን ያነቃቸዋል» ብሎ የፍሬን ዘይት ጠብ አደረገበት። ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ መኪናዋ ጥቂት ቀን ሄደች። ከሦስተኛው በኋላ ግን የኋላ ማርሽም ጠፋ። ዛሬ ከብሎካችን ፊት ለፊት ቆማለች፤ ልጆች ጭነት ቦታዋ ላይ ይጫወቱባታል።

ይህን ልማድ የምቃወመው መካኒኮቹን ንቄ አይደለም። ጥቂት ቀን መሄዷ እውነት ነው፤ ሰውን የሚያታልለውም ይኸው እውነት ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ዘይት ማለስለሻ ብቻ አይደለም። ፓምፑ የሚገፋው ዘይት ፒስተኖችን ይጫናል፣ ፒስተኖቹ የፍሪሲዮን ዲስኮችን እርስ በርስ ያጣብቃሉ፣ ማርሽ የሚይዘው በዚህ ነው። የጎማ ማሸጊያዎቹ ደርቀው ግፊት ሲያመልጥ ወፍራም ዘይት ቶሎ ስለማያፈተልክ ግፊቱ ለጊዜው ይመለሳል፤ ዲስኩም ይጨብጣል። ግን መደበኛው የካምቢዮ ዘይት በ100 ዲግሪ ሙቀት ውፍረቱ ከ5 እስከ 7 ሴንቲስቶክ ገደማ ሲሆን ቁጥር 40 የሞተር ዘይት ከ12.5 ይጀምራል። ለቀጭን ዘይት በተሠራ የቫልቭ መንገድ ይህ ወፍራም ነገር በታኅሣሥ ብርድ ጠዋት ሲጎተት ማርሹ ዘግይቶ ይገባል፣ ዘግይቶ የገባ ዲስክ ይፈጫል፣ የተፈጨ ዲስክ ይሞቃል። በሙያው የሚታወቅ ግምት አለ፦ ከ80 ዲግሪ ገደማ በላይ ሙቀቱ በ11 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የዘይቱ ዕድሜ በግማሽ ያጥራል። የዲስኩ ፊት ከወረቀት መሰል ነገር የተሠራ ስለሆነ አንዴ ከተቃጠለ ምንም ዘይት አይመልሰውም።

የፍሬን ዘይቱ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። የተለመደው የፍሬን ዘይት ለሌላ ዓይነት ጎማ የተዘጋጀ ነው፤ የካምቢዮ ማሸጊያ ሲነካው ያብጣል። ያበጠ ማሸጊያ ለሳምንት ይዘጋል። ከዚያ ይለሰልሳል፣ ይበጣጠሳል፣ ፍርፋሪው የቫልቭ ቀዳዳ ይዘጋል። የጎረቤቴ የኋላ ማርሽ የጠፋው በዚህ መንገድ እንደሆነ አልጠራጠርም።

«ድሮም በማሽን ላይ የሞተር ዘይት እናደርግ ነበር» የሚሉ አንጋፋ መካኒኮች አሉ። ልክ ናቸው። አሊሰን ለተባለው የከባድ መኪና ካምቢዮ ሲ-4 በሚለው መስፈርት የተፈቀዱ የሞተር ዘይቶች ነበሩ፤ በብዙ የመንገድ ሥራ ማሽኖችም ቁጥር 30 ዘይት የፋብሪካው ትእዛዝ ነው። ስህተቱ ለዶዘር የተፈቀደውን ሚዛኑም ዲስኩም ሌላ ወደሆነው ፒክአፕ ማዞር ነው። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው መርዝ የሚሆንበት ምሳሌ ከዚህ በላይ የለም።

ይህን የምለው የካምቢዮ ዘይትን ቅመም መለወጥ ራሱ ከባድ ዕውቀት የሚጠይቅ ስለሆነ ነው። የካምቢዮ ዘይት ማንሸራተቻ ቅመም ለረጅም ዘመን ከስፐርም ዓሣ ነባሪ ስብ ይሠራ ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የዓሣ ነባሪ ምርትን ስትከለክል የጄኔራል ሞተርስ መሐንዲሶች ምትክ ፈለጉ። ያወጡት የመጀመሪያው ዴክስሮን ሁለት ዘይት የማቀዝቀዣውን ብየዳ በላ፤ እንደገና መቀመም ግድ ሆነባቸው። ላቦራቶሪ፣ ገንዘብና ዓመታት የነበራቸው ሰዎች እንዲህ ከተሳሳቱ፣ በላስቲክ ጆግ የሚቀላቀል ነገር ምን ተስፋ አለው? «ሙከራ» የሚለውን ቃልም እዚህ አልቀበለውም። ሙከራ የሚለካ ነገር ነው፤ ግፊቱ ስንት ነበር፣ ስንት ሆነ፣ የትኛው ዘይት ስንት ሊትር ገባ ተብሎ ይጻፋል። ጎረቤቴ ጋ ማንም ምንም አልጻፈም። ሁለተኛው መካኒክ አንደኛው ምን እንደሞላ እንኳ አልጠየቀም።

መካኒኩ ለምን እንደዚህ እንደሚያደርግ ይገባኛል። አብዛኛው ጋራዥ የዘይት ግፊት መለኪያ የለውም። ሶማሌ ተራ ድረስ ከተማውን አቋርጦ ሄዶ ለዚያ ሞዴል የሚሆን ማሸጊያና ዲስክ ማግኘት ዕድል ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከታገዱ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ሰው ያለችውን አሮጌ መኪና እስከ መጨረሻዋ መንዳት ይፈልጋል፤ የመለዋወጫው ዋጋም የዶላሩን ተከትሎ ወጥቷል። ባለመኪናው ራሱ «ርካሹን ሞክርልኝ» ይላል። ጎረቤቴም ብሎ ነበር። ግን ሦስት ጊዜ የተገዛው ዘይትና የሦስት ጋራዥ እጅ ዋጋ ሲደመር ካምቢዮውን አውርዶ ለማየት መነሻ ይሆን ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ወፍራም ዘይት ደግሞ የሚሠራው በሽታውን መደበቅ ነው።

«አሮጌውን ዘይት አትንካው፣ አዲስ ሲገባ ይበላሻል» የሚባለውም ከዚሁ ቤት ነው። አዲስ ዘይት ጤነኛ ካምቢዮ አይገድልም። የአሮጌው ዘይት የዲስክ ብናኝ ዲስኩን ሲያጨብጠው የነበረ ካምቢዮ ግን አስቀድሞ አልቆ ነበር፤ አዲሱ ዘይት ያደረገው ማጋለጥ ብቻ ነው።

ከገንዘቡም በላይ የሚያሳስበኝ ዳገቱ ነው። ሲሚንቶ ጭኖ ወደ ላይ እየወጣ ማርሽ የሳተ መኪና ከኋላው ሚኒባስ አለ፣ በዳር የሚሄዱ ተማሪዎች አሉ። በግምት የተቀላቀለ ዘይት የሚፈተነው በእነሱ ላይ ነው።

ስለዚህ ባለመኪና ሆይ፣ ካምቢዮህ መንሸራተት ሲጀምር ጭነቱን አውርድና አቁማት። መካኒክህን ዘይቱን ከማፍሰሱ በፊት እንዲህ በለው፦ መኪናው በሞቀበት፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ሜዳ ላይ ሆኖ የዘይቱን መጠን እይልኝ፤ ጎድሎ ከሆነ የፋብሪካው መጽሐፍ ያዘዘውን ሙላና የፈሰሰበትን ፈልግ። ሞልቶ እያለ ከተንሸራተተ ዘይቱን በነጭ ጨርቅ ላይ ጠብ አድርገህ አሳየኝ። ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ፣ የታችኛው ማጠራቀሚያ ሲከፈት የዲስክ ብናኝ ከተገኘ፣ ያ ካምቢዮ መውረድ አለበት።