ቆራሌው ከመምጣቱ በፊት

በዚህ ወር ወደ ዕቃ ቤት እንግባ። አባታችሁ ወይም አያታችሁ ቮልስ ወይም ላንድሮቨር ነድተው ከሆነ፣ እዚያ አቧራ የጠጣ ካርቶን አይጠፋም። በካርቶኑ ውስጥ ደግሞ ባለ ብዙ ብሎንና ባለ ብዙ ቀዳዳ ከባድ ብረት ታገኛላችሁ። ስሙ ካርቡሬተር ነው፤ ቤንዚንን ከአየር ጋር አደባልቆ ለሞተሩ ያቀርባል። አዳዲስ መኪኖች ይህን ሥራ በኮምፒውተር ለሚታዘዝ ኢንጀክተር አስረክበዋል። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ካርቡሬተሩን እንደ ውዳቂ ያየዋል፤ ለቆራሌውም በኪሎ ይሸጠዋል።

እኔ በሙያዬ የማርኬቲንግ ሰው ነኝ። አንድ ዕቃ የሚያወጣው ዋጋና ለባለቤቱ የሚሰጠው ጥቅም ሲራራቁ ዝም ብዬ ማለፍ ይከብደኛል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አሳውቋል። በግቢያችሁ የቆመውን የቤንዚን መኪና በሌላ የቤንዚን መኪና መተካት እንደ ድሮው አይሆንም ማለት ነው። የአባታችሁ መኪና ተነሥቶ ልጆቻችሁን የሚያንሸራሽረው ወይም ቆሞ የሚዝገው በዚያች ካርቶን ምክንያት ሊሆን ይችላል።

አሁን ጉዟችን ወደ አምቦ ነው። ከአዲስ አበባ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አድርገን 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ስንጓዝ አምቦ እንገባለን። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ከዚያ ወደ ወንጪ ሐይቅ ለመዝናናት የወጣ ሰው ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። አምቦ ላይ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ካርቡሬተር ግን ይህን አያውቅም፤ የለመደውን ያህል ቤንዚን ያፈስሳል። ቤንዚኑ ሲበዛ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ መኪናው ዳገት ላይ ይደክማል። መካኒኮች መፍትሔ የሚያደርጉት ቤንዚን የምታልፍባትን ትንሿን የነሐስ ብሎን፣ ቀዳዳዋ በጠበበ ሌላ መተካት ነው።

ስለዚህ በደጋችን ለዓመታት ሲሠራ የኖረ ካርቡሬተር፣ ቀዳዳው ለከፍታችን ተስተካክሎለት ሊሆን ይችላል። ለባሕር ዳርቻ አገር ተስተካክሎ የመጣው አዲስ ዕቃ ይህ የለውም። ሻጩ ጊንጪ ወይም ጉደር ያለ አዛውንት ከሆነ፣ “ኦቦ፣ ዋጋው ስንት ነው?” ከማለታችሁ በፊት “በየትኛው መኪና ላይ ነበር? የት የት ሄደ?” በሉ። የቡናው ወሬ ከማሸጊያው ጽሑፍ ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

ቀጥሎ በላዩ የተቀረጸውን አንብቡ። ቮልስ ከፋብሪካው ሲወጣ የሚይዘው የጀርመኑን ሶሌክስ ነው። ብሮሶል የሚል ካያችሁ በብራዚል የተሠራው ነው። የድሮ ላንድሮቨሮች ሶሌክስ ወይም ዜኒት ይዘው ወጥተዋል፤ በምትክነት ከሚገዛላቸው አንዱ ዌበር ነው። ዌበር እ.ኤ.አ. በ1923 በጣሊያኗ ቦሎኛ የተመሠረተ ስም ነው፤ የላዳ ታክሲዎቻችን ካርቡሬተርም መነሻው የእሱ ንድፍ ነው። ምትክ መሆን ነውር የለውም፤ ጥያቄው ይገጥማል ወይ ነው። በቮልሱ ላይ “30 ፒክት” ሲል፣ 30 የጉሮሮው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 30 በነበረበት ሞተር ላይ 34ቱን እንዲሁ አንሥቶ መግጠም አይቻልም።

ከስሙ በኋላ ጤናውን መርምሩ፦

• ፔዳሉ ሲረገጥ የምትዞረውን ዘንግ ይዛችሁ ወዲህ ወዲያ ነቅንቁ። ከተላወሰች አየር ታስገባለች፤ መኪናው ሚኒሞ አይይዝም፣ መብራት ላይ ሲቆም ይጠፋል። ጥሩ የቶርኖ ባለሙያ ሊያድናት ይችላል፤ ወጪውን ግን ከዋጋው ቀንሱ።

• ሞተሩ ላይ የሚቀመጥበትን ገጽ መስታወት ላይ አስቀምጡ። ከተወላገደ ብሎኑ ከልክ በላይ ተጠብቆ ነበር ማለት ነው።

• በውስጡ ያለችውን ተንሳፋፊ አውጥታችሁ ጆሯችሁ አጠገብ ወዝውዙ። ፈሳሽ ከተንቦጫረቀ ተበስታለች፤ ቤንዚን ያጥለቀልቃል።

• የነሐሷን ብሎን ቀዳዳ እዩ። በሽቦ ተጎርጉሮ ከሰፋ፣ የተጻፈባት ቁጥር ዋጋ የለውም።

• ጎማና ፕላስቲኩን አትመኑ። እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ ቤንዚን ላይ 5 በመቶ ኢታኖል መቀላቀል ተጀምሮ፣ በ2011 ወደ 10 በመቶ አድጎ ነበር። ኢታኖሉን ያመርት የነበረው የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚገኘው በዚሁ በአምቦ መንገድ አልፎ ነው። ብዙ የድሮ ጎማዎች ለኢታኖል አልተዘጋጁም፤ ሊሰነጠቁ ወይም ሊያብጡ ይችላሉ።

ማብረቅረቁ አያታልላችሁ። በሚገባ የተወለወለ ግን ዘንጉ የላላ ካርቡሬተር፣ አቧራ ለብሶ ሙሉ ከሆነው ያንሳል። በተለይ በመርካቶ ሶማሌ ተራ ስትዞሩ፣ የታወቀ ስም ያለበት አዲስ ካርቶን ቢቀርብላችሁ ከካርቶኑ ላይ ሳይሆን ከብረቱ ላይ አንብቡ። ዋጋ ስትገምቱም የመግዣውን ብቻ አትቁጠሩ፤ የጋስኬቱን፣ የቶርኖውንና የመካኒኩን እጅ ደምሩበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

ልጆቻችሁንም አሳትፏቸው። ከመፍታታችሁ በፊት አንዱ ፎቶ ያንሣ፣ ሌላው የወጣውን ብሎን በየተራው ወረቀት ላይ ይደርድር። ቤንዚን የነካውን ማጠብ ግን የአዋቂ ሥራ ነው። ደጅ ይሁን፤ ቡና የሚፈላበት ከሰልና ሲጋራ አጠገቡ አይድረሱ።

በመጨረሻም የተጣራውን በጨርቅ ጠቅልሉና ወረቀት እሰሩበት፦ የየትኛው መኪና እንደሆነ፣ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ፣ የት ሲሠራ እንደኖረ። ቢሸጥ ገዢው በመተማመን ይከፍላል፤ ባይሸጥ ደግሞ ከእናንተ በኋላ ዕቃ ቤቱን የሚከፍተው ልጅ በእጁ የያዘው ምን እንደሆነ ያውቃል። አባባ ዛሬ በሕይወት ካሉ ወረቀቱን እሳቸው ይሙሉት፤ ዛሬውኑ ጠይቋቸው።