ሽፋኑ ያሞግሳል፣ ማውጫው ያጋልጣል

የሙዚቃ መጽሔት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሽፋኑን ነው። የመጽሔቱን እውነተኛ ጠባይ የሚነግረው ግን ብዙዎች በችኮላ የሚያልፉት የማውጫ ገጽ ነው። ሽፋኑ አንድ ኮከብ ይዞ ገዢ ይጠራል። ማውጫው ደግሞ አዘጋጁ ማንን እንዳስቀደመና ማንን ጥግ እንዳስያዘ ያሳያል።

የብሪታንያ የሙዚቃ መጽሔቶች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ማውጫቸው የተለመደ መልክ ነበረው። ከላይ የመጽሔቱ ስም አነስ ብሎ ከእትሙ ቀን ጋር ይደገማል። ሰፊውን ቦታ የአንድ ታዋቂ ሙዚቀኛ ፎቶ ይይዛል፤ ታሪኩ የሚገኝበት የገጽ ቁጥርም ፎቶው ላይ በጉልህ ይታተማል። በጎን ባለው አምድ ጽሑፎቹ በዓይነት ይደረደራሉ፦ የእትሙ ልዩ ታሪኮች፣ በየእትሙ የማይቀሩ ቋሚ አምዶች፣ የአዳዲስ አልበሞች ግምገማ። ቀለሙ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሦስት አይበልጥም። ጥግ ላይ የደንበኝነት ማስታወቂያ ይገባል።

ይህ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ማን ግማሽ ገጽ እንደሚወስድ፣ ማን በአንዲት መስመር እንደሚታለፍ የሚወስን ሰው አለ። ሚዛኑም ብዙ ጊዜ ሽያጭ ነበር። መጽሔቶቹ ለነጭ የጊታር ባንዶች ያደላሉ፣ ለሴቶችና ለጥቁር ሙዚቀኞች ቦታ ይነፍጋሉ ተብለው በተደጋጋሚ ተወቅሰዋል። ወቃሹ ግን ማስረጃ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም፤ ማውጫውን ገልጦ ስሞቹን መቁጠር በቂ ነበር።

አድሏዊነትን በጥቂቱም ቢሆን የሚያለዝብ አሠራርም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 የተመሠረተው ኤንኤምኢ በማውጫው ገጽ ላይ የባንዶች ዝርዝር ያወጣ ነበር። በእትሙ የተነሱ ባንዶች ስም በፊደል ተራ ከገጽ ቁጥራቸው ጋር ይሰፍራል። በፊደል ተራ ላይ ዝና አይሠራም፤ ትናንት የጀመረው ባንድ ከገናናው ጎን እኩል ይቆማል።

ኤንኤምኢ ሳምንታዊ ሕትመቱን በ2018 አቆመ። በ1986 የተጀመረው ኪው መጽሔትም በ2020 ተዘጋ። የዛሬ አድማጭ ሙዚቃን የሚያገኘው በስልኩ ነው።

«ታዲያ ምን ጎደለ? አሁን ሁሉም ያለ አዘጋጅ ፈቃድ የፈለገውን ያገኛል» የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት አላቸው፤ ምርጫው ሰፍቷል። ነገር ግን አስቀዳሚና አስከታይ አልጠፋም፤ የማይታይ ሆነ እንጂ። የስፖቲፋይም ሆነ የዩቲዩብ መነሻ ገጽ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ይደረደራል። በአንዱ ስልክ ላይ የወጣው በሌላው ላይ ላይወጣ ይችላል። ሁሉም እኩል የሚያየው ገጽ ስለሌለ ቆጥሮ የሚሞግት የለም። ሞጋች ከሌለ ደግሞ ተጠያቂ የለም።

ነገሩ የአማርኛ ሙዚቃ የሚለቁ የቴሌግራም ቻናሎችንም ይመለከታል። ዘፈን በዘፈን ላይ ይደረባል፤ ትናንት የወጣው ዛሬ ተቀብሯል። የግጥምና የዜማ ደራሲው፣ የአቀናባሪው ስም ብዙ ጊዜ ከዘፈኑ ጋር አብሮ አይመጣም። መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። በሳምንት አንድ ቀን የተለቀቁትን ሥራዎች በፊደል ተራ፣ ከነባለሙያዎቻቸው ስምና ከነሊንካቸው አሰባስቦ ከላይ ፒን ማድረግ ይቻላል። ተከፍሎበት የወጣውን ደግሞ «ማስታወቂያ» ብሎ መለየት ተገቢ ነው።

እንዲህ ያለ ማውጫ ቻናሉን ከአድልዎ ነጻ አያደርገውም። ማን እንደተዘለለ ለማወቅ ለሚፈልግ አድማጭ ግን የሚቆጥረው ነገር ይሰጠዋል። ጀማሪው ሙዚቀኛም ስሙ የቱ ጋ እንዳለ፣ ከሌለም ለምን እንደሌለ መጠየቅ ይችላል።